ከምናለሽ ተራ ሚዛን ላይ፤ ጥንታዊ ብረታ ብረትን ስለ መለየትና ስለ መጠበቅ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በመርካቶ ከሚገኙት ተራዎች መካከል ስሙ በጥያቄ የተሠራው ምናለሽ ተራ ነው። ገዥ ሻጭዋን «ምን አለሽ?» ብሎ ከሚጠይቀው ቃል መጠሪያውን እንዳገኘ ይነገራል። በዚህ ተራ ዋጋ ቢስ ተብሎ የሚጣል ነገር የለም። በርሜል ተቀድዶ ምድጃ ይሆናል፤ ያረጀ የመኪና ባሌስትራ በእሳት ተለዝቦ መጥረቢያና ማረሻ ይወጣዋል፤ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ ሚስማር ሳይቀር በመዶሻ ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል። የብረታ ብረትን ጠባይ ከመጽሐፍ ለተማረ መሐንዲስ ሥፍራው ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ የተራው ጥያቄ «ምን አለሽ?» ከሚለው አያልፍም። «ከየት መጣ? ማን ሠራው? መቼ?» የሚሉት ጥያቄዎች በስሙም ሆነ በሚዛኑ ላይ ቦታ አልተሰጣቸውም።

መርካቶ ራሱ የታወቀ ታሪክ ያለው ገበያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ሲደረግ ዛሬ አዲስ ከተማ የሚባለው አካባቢ መገበያያ ሆነ፤ የጣሊያንኛው ስምም እንዳለ ቀረ። ወደዚህ ገበያ አሮጌ ብረት የሚያደርሰው ዋነኛው ሰው ጆንያውን በትከሻው አድርጎ በየመንደሩ የሚዞረው ቆራሌው ነው። መጠሪያው «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪው እንደመጣ ይነገራል። ከእርሱ ጎን በአዲስ የፕላስቲክ ዕቃ አሮጌውን የሚለውጠው «ልዋጭ» አለ። አያት በሞተች ማግስት ከሣጥን ሥር የወጣው የብር አልቦ፣ እጀታው የወለቀ ጎራዴ፣ የተሰበረ የነሐስ መስቀል፣ ከድስቱና ከቆርቆሮው ጋር በአንድ ጆንያ ተጨምሮ ይመጣል። መርካቶ ሲደርስ የሚለየው በዕድሜው አይደለም፤ በዓይነቱ ነው። ብረቱ ከብረት፣ መዳቡ ከመዳብ፣ አሉሚኒየሙ ከአሉሚኒየም ጋር ይቆለልና በኪሎ ይመዘናል። ከዚያ የሚቀረው ማቅለጫው ነው።

አሮጌ ብረትን ማቅለጥ የዛሬ ነጋዴ የፈጠረው ጥፋት እንዳይመስል ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስሎች ማቆሙን ይገልጻል። በ1898 ዓ.ም. አክሱም የደረሰው የጀርመን የጥናት ቡድንም የአንድ ትልቅ ሐውልተ ምስል መቆሚያ የነበረ ድንጋይ አግኝቶ መዝግቧል። በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው የእግር ማስገቢያ 92 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። እግሩ ይህን ያህል የሆነ ምስል ሙሉ ቁመቱ ምን ያህል እንደነበረ መገመት ለማንም አያዳግትም። ከእነዚያ ምስሎች አንዱም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ድንጋዩ የቀረው ስለማይቀልጥ ነው፤ ምስሉ የጠፋው ደግሞ ስለሚቀልጥ ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በኩል የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ይህን መድፍ ከማቅለጫ ያዳነው የሰው ጥንቃቄ ነው ከማለት ይልቅ ክብደቱ ነው ማለቱ ለእውነት ሳይቀርብ አይቀርም። በጆንያ የሚገባ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጠበቃ የለውም።

በሌሎች አገሮች አሮጌ ብረታ ብረት በመሬት ውስጥ የሚፈለገው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው በሽቦ ጥቅል ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመላክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ በአፈር ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ላይ የሚሽከረከር ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ የዚህን ጅረት ምላሽ መሣሪያው መልሶ ያዳምጣል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት የተመቱትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ለመርዳት በዚሁ መሠረተ ሐሳብ የተሠራ መሣሪያ ይዞ ቀርቦ ነበር። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር አንዱ ምክንያት ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ የብረት ስፕሪንግ እንደሆነ ተነግሯል። ነገሩ ለመሐንዲስ የሚያስተምረው አለ። መሣሪያው «ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አለ» ከማለት በቀር ዕድሜን፣ ሥራንና ዋጋን አይናገርም። የቢራ ቆርኪና የአክሱም ሳንቲም ለጆሮው እምብዛም አይለያዩም።

በኢትዮጵያ ይህ መሣሪያ ይበልጥ የሚታወቀው በፈንጂ አምካኞች እጅ ነው። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ በትርፍ ጊዜ መሣሪያ ይዞ ማሳ ለማሳ መዞር በአገራችን ሥፍራ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። የኢትዮጵያን አፈር በእውነት የሚመረምሩት ግን ሌሎች ናቸው፤ የገበሬው ማረሻ፣ የክረምቱ ጎርፍና የኮንትራክተሩ ኤክስካቫተር። በአክሱም አካባቢ ከዝናብ በኋላ ከማሳ ላይ ትናንሽ የመዳብ ሳንቲሞች እየለቀሙ ለጎብኝ የሚያቀርቡ ልጆች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ብረቱ የሚገኝበት መንገድ በአውሮፓ ካለው ቢለይም ከተገኘ በኋላ የሚነሣው ችግር አንድ ነው። ይህ ምንድን ነው? እንዴትስ ይያዛል?

ወደዚህ ጥያቄ ከመግባት በፊት ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ማስታወስ ግድ ይላል። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በድንበር ጦርነት፣ እንዲሁም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት በተዋጉባቸው ሥፍራዎች ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በመሬት ቀርቷል። ይህ ቅሪት ከአሮጌ ብረት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሚዛን ሊመጣ ይችላል። ዝገት የፈንጂን ኃይል አያበርድም፤ እንዲያውም የማቀጣጠያውን ክፍል ይበልጥ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል። ቅርጹ ሞላላ ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ወይም በሥሩ ዙሪያ የመዳብ ቀለበት ያለበት ከባድ ብረት ከታየ ሳይነኩ መራቅና ለፖሊስ ማስታወቅ ነው እንጂ የምርመራ ነገር አይነሣም።

አሁን ወደ መለየቱ እንመለስ። የምናለሽ ተራ ነጋዴ በዚህ ረገድ መሃይም አይደለም። ማግኔት በገመድ አንጠልጥሎ ብረትን ከመዳብ ዘር ይለያል፤ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፤ በእጁ አንሥቶ ክብደቱን ይገምታል፤ ከተጠራጠረም በሞረድ ይፍቀዋል። የወርቅና የብር ሠሪው ደግሞ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ካሰመረ በኋላ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ከእነዚህ ዘዴዎች ማግኔቱ፣ ጆሮውና እጁ ምንም ጉዳት የማያደርሱ ስለሆኑ ሊመሰገኑ ይገባል። ሞረዱና አሲዱ ግን በአሮጌ ዕቃ ላይ መነሣት የለባቸውም። ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ማግኔቱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ እንደሚያታልል መታወቅ አለበት። ለብዙ ዘመን ተቀብሮ እስከ ልቡ የዛገ ብረት በውስጡ ንጹሕ ብረት ስለማይቀር ማግኔቱ በደካማው ይስበዋል ወይም ጨርሶ አይስበውም። «አልሳበም፣ ድንጋይ ነው» ተብሎ የሚጣል ቁራጭ የጥንት ቢላዋ ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን ሳይጎዱ የሚለዩበት ከሁሉ የሚሻል ዘዴ የአርኪሜዲስ ነው። መርካቶ ውስጥ ባለ በማናቸውም የወርቅ ሚዛን ሊሠራበት ይችላል። ዕቃው በአየር ይመዘናል፤ ቀጥሎ በቀጭን ክር ታስሮ በውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይመዘናል፤ የመጀመሪያው ክብደት በሁለቱ ልዩነት ሲካፈል እፍግታው ይገኛል። ምሳሌ እንዲሆን የማሪያ ቴሬዛ ብር ይወሰድ። ትክክለኛው ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺሁ 833 እጁ ብር፣ የተረፈው መዳብ ነው። የዚህ ቅልቅል እፍግታ 10.2 ያህል ስለሆነ በውኃ ውስጥ 2.75 ግራም ያህል ይቀንሳል። በዚያው ክብደት ከናስ ተሠርቶ ብር የተቀባ አስመሳይ 3.3 ግራም ያህል ይቀንሳል፤ ከእርሳስ የተሠራው ደግሞ 2.5 ግራም ያህል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለወርቅ ሚዛን ግልጽ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ብርም በክብደትና በንጥረት ለማሪያ ቴሬዛው እንዲቀራረብ ተደርጎ ስለተመታ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል። እርግጥ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት የተሰካበት ዕቃ በዚህ ዘዴ አይመረመርም። ከመሬት የወጣ የዛገ ዕቃም ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። ዘዴው ለጤነኛና ለደረቅ ዕቃ ነው።

የማሪያ ቴሬዛ ብር ስለ መለየት ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በላዩ ያለው 1780 የሚለው ዓመት የተሠራበትን ዘመን አያመለክትም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ገንዘቡ በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል። የአገራችን ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዓመቱን አንብቦ አልነበረም። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዕንቁዎች ዘጠኝ መሆናቸውን ቆጥሮ፣ የዘውዱን ነጠብጣቦች ተመልክቶ፣ የጠርዙን ጽሑፍ በጣቱ ዳስሶ ነበር። ያ ገበሬ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር ለማለት ይቻላል። የመንግሥት ገንዘብ ሠሪዎችም የሕዝቡን ብልሃት የቀመሱበት ጊዜ አለ። በ1936 ዓ.ም. ከወጡት ሳንቲሞች የመዳቡ 25 ሳንቲም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር በመጠን ይቀራረብ ስለነበር መዳቡን ብር እየቀቡ እንደ 50 ማሳለፍ ተጀመረ። በዚህ ምክንያት የ25 ሳንቲሙ ጠርዝ እንደ ሞገድ የተከረከመ እንዲሆን ተደረገ። ዛሬ በመርካቶ ክምር ውስጥ ክቡ 25 ሳንቲም ከሞገዳሙ ጋር ጎን ለጎን ቢገኝ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሁለቱን ለይቶ የሚያነሣው።

ቀደም ሲል ሞረድና አሲድ በአሮጌ ዕቃ ላይ መነሣት የለባቸውም ተብሏል። የነገሩ ፍሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ነጋዴውም፣ የቤት ባለቤቱም፣ ብዙ ጊዜ መሐንዲሱም ዝገትን እንደ ቆሻሻ ይመለከቱታል። ከመሬት ለወጣ ብረት ግን ዝገት ቆሻሻ ሳይሆን የዕቃው የመጨረሻ ገላ ነው። በአንድ ሺህ ዓመት ውስጥ ብረቱ ወደ ዝገት ሲለወጥ የቀድሞው ገጽ በዝገቱ ንብርብር መካከል እንደ ቀጭን መስመር ይቀራል። የጎራዴው ስለት፣ የመዶሻው ምት፣ የቅርጹ ጌጥ የሚነበበው በዚያ መስመር ላይ ነው። ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ብረት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀበር ጨርቁ ይበሰብሳል፤ ከመበስበሱ በፊት ግን ከብረቱ የሚወጣው ዝገት በፈትሉ ውስጥ ሰርጎ የሽመናውን መልክ በማዕድን ይተካዋል። የእጀታ እንጨትም እንዲሁ የጭረቱ አቅጣጫ ሳይቀር በዝገት ተቀርጾ ይኖራል። በማጉያ መነጽር የሚመለከት ሰው ፈትሉ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የተከረረ መሆኑን ሊያነብ ይችላል። ጨርቅ በአፈራችን ውስጥ እምብዛም ስለማይቆይ ስለ ጥንቱ ሸማ የሚናገር ምስክር በዝገት ላይ ያለው አሻራ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሽቦ ብሩሽ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠርገዋል።

ለአክሱም ሳንቲሞች ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ፣ እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አስመትተዋል። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል መተካቱ በሰፊው የታወቀ ነው። ብዙም የማይነገርለት የሠሪዎቹ ብልሃት ነው። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል እጅግ ስስ ወርቅ ተለብጧል። በጥንቱ ዓለም ለመገበያያ በወጣ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የታወቀው በአክሱም ነው። ዲያሜትሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በማይበልጥ ሳንቲም ላይ፣ ያውም በየቀኑ በእጅ በሚዞር ገንዘብ ላይ፣ ይህን ያህል መድከም የሠሪውን ኩራት ያሳያል። ይኸው ወርቅ በአረንጓዴው ዝገት ሥር ተሸፍኖ ይኖራል። ሳንቲሙ በሎሚና በአመድ ሲታሽ ዝገቱ ይለቅቃል፤ ወርቁም አብሮት ይሄዳል። ሻጩ «አጸዳሁት» ብሎ የሚያቀርበው ሳንቲም የሚያብረቀርቅ ተራ መዳብ ነው።

በአገራችን ቤቶች ብርን በሎሚና በአመድ መወልወል የቆየ ልማድ ነው። በየጊዜው ለሚደረግ የአንገት መስቀል ብዙ አይነቀፍም። በተራው ውስጥ ግን ከሎሚ የከበደ መድኃኒት አለ፤ የባትሪ አሲድ፣ አሸዋ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ። ከዚያም ዕቃው «እንዳይዝግ» የተቃጠለ ሞተር ዘይት ይቀባል። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር ያመጣውን አሲድና ውኃ የያዘ ከመሆኑም በላይ በዝገቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። ለአሮጌ ብረት ከዚህ የከፋ ቅባት ማሰብ ያስቸግራል።

የዚህ ሁሉ ጉዳት መነሻ ከአፈር የሚገባው ጨው፣ በይበልጥም ክሎራይድ ነው። በመዳብና በነሐስ ላይ ክሎራይዱ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ በዝገቱ ሥር ይደበቃል። ዕቃው ከመሬት ወጥቶ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይህ ውሕድ ወደ ደብዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ይለወጥና አሲድ ይለቅቃል፤ አሲዱ አዲስ መዳብ ይበላል፤ ከዚያ ሌላ ውሕድ፣ ከዚያ ሌላ አሲድ ይወለዳል። የሙያው ሰዎች «የነሐስ በሽታ» ይሉታል። ጠንካራና ለስላሳ የሆነው ጥቁር አረንጓዴ ሽፋን ጤናማ ነው፤ በጥፍር ሲነካ የሚረግፈው ደብዛዛ ዱቄት ግን ሕመም ነው። ብረት ላይ ደግሞ የሕመሙ ምልክት ቡናማ ጠብታ ማላብና እንደ ሽንኩርት እየተላጠ መርገፍ ነው። ጤነኛ መስሎ በሰኔ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ የአዲስ አበባ ክረምት ካለፈ በኋላ በመስከረም ተሰነጣጥቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

እውነተኛው ሕክምና የባለሙያና የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ለምሳሌ ለመዳብ ዘር ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት ቤንዞትራያዞል የተባለው ኬሚካል ጤና የሚጎዳ ስለሆነ በሱቅ ጓዳ የሚነካካ አይደለም። በሱቅ ጓዳ ሊደረግ የሚችለው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ማድረቅ ነው። የነሐስ ዕቃ አየሩ ከ40 በመቶ በታች እርጥበት ባለው መያዣ ውስጥ ቢቀመጥ ሕመሙ ይቆማል ወይም በእጅጉ ይዘገያል፤ ለታመመ ብረት ከ20 በመቶ በታች ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆነው ቁስ በመርካቶ በነጻ ይጣላል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት ትናንሽ ከረጢቶች የያዙት ብዙውን ጊዜ ሲሊካ ጄል ነው። ከረጢቶቹ ተሰብስበው ፍሬው በብረት ሣህን ላይ ይዘረጋና በ110 ዲግሪ ያህል ሙቀት ጥቂት ሰዓት ሲቆይ የመጠጠውን እርጥበት ይለቅቃል። ከዚያ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከአሮጌው ብረት ጋር ይቀመጣል። በሙቀት ጊዜ ከረጢቱ ስለሚቀልጥ ፍሬውን ማውጣት ያስፈልጋል። ብርን በሚመለከት ከሱፍ ጨርቅ፣ ከጎማና ከጋዜጣ ወረቀት ማራቅ ይገባል፤ ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ከእነዚህ ይወጣልና።

በቅርብ ዓመታት በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የቅልቅሉን መቶኛ በመስኮቱ ላይ ያሳያል። መሐንዲሶች ቁጥር ሲያዩ ወዲያው የማመን ልማድ አላቸው። መሣሪያው ግን የሚያነበው የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ነው። ብርና መዳብ የተቀላቀለበት ዕቃ ሲቀበር መዳቡ ቀድሞ እየተበላ ስለሚወጣ ገጹ ከውስጡ ይልቅ በብር ይበለጽጋል። መሣሪያው በፈገግታ «ጥሩ ብር» ይላል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ቁጥሩ ከውኃው ሚዛን ጋር ካልተገናዘበ በብዙ ገንዘብ የተገዛ ስሕተት ይሆናል።

ከብረቱ ዓይነት ይልቅ በቀላሉ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ የተገኘበት ሥፍራ። በ1932 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር። እነዚያ ሳንቲሞች በመርካቶ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ ቢገኙ ኖሮ ከህንድ ወገን የመጡ ጥቂት ግራም ወርቅ ከመሆን አያልፉም። በትግራይ አምባ ላይ በመገኘታቸው ግን ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ህንድ ንግድ የሚናገሩ ሰነዶች ሆኑ። የመን ውስጥ በአል መዳሪባ እ.ኤ.አ. በ1977 የተገኘው ክምችትም 868 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከሮማውያን ሶሊዱስ ጋር በአንድነት ይዞ ነበር። በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው መገኘታቸው የሁለቱን መንግሥታት ገንዘብ ግንኙነት ከማንኛውም ጽሑፍ በበለጠ ያስረዳል። ቆራሌው ጆንያውን ሲያራግፍ የሚጠፋው ይህ ነው። «ይህን ከየት ገዛኸው?» ብሎ መንደሩን በወረቀት ላይ መጻፍ የሚወስደው ጊዜ ከመመዘኑ ያነሰ ነው።

ነጋዴው ይህን ለምን አያደርግም? መልሱ አላዋቂነት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ስለ ጥንታዊ ቅርሶች የመጀመሪያው አዋጅ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሕጉ ሲሻሻል ቆይቶ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ይሠራበታል። አዋጁ ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ ይከለክላል። ክልከላው የተገባ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂግ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ክልከላውን አይነቅፍም። ይሁንና በምናለሽ ተራ ሚዛን ላይ ሲታይ ሕጉ ያልታሰበ ውጤት አለው። በጆንያ ከመጣ ብረት ውስጥ አሮጌ መስቀል ያገኘ ነጋዴ ይዞ ቢሄድ «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ ተጠያቂ እንዳይሆን ይፈራል፤ ቢሸጠው ወንጀል ነው፤ ቢያቀልጠው ግን የሚጠይቀው የለም። ከሦስቱ መንገዶች ከፍርሃት ነጻ የሆነው ማቅለጡ ነው። በዚህ ሁኔታ የሚጠፋውን ብረት በነጋዴው ስግብግብነት ብቻ ማመካኘት ፍትሕ አይሆንም።

ሆኖም በዚያው አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል አለ። አንቀጽ 41 በድንገት ስለሚገኝ ቅርስ ይናገራል። በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና ተረካቢ እስኪመጣ ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ አግኚው ለክልሉ መንግሥት ሹም በጽሑፍ አስታውቆ ከኃላፊነት የሚወጣበትን መንገድ ያሳያል። ከዚህም በላይ ያገኘውን ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንደሚሰጥና ያወጣው ወጪ እንደሚተካለት ይደነግጋል። ሽልማት የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ አለ፤ በመርካቶ ግን አልተሰማም። ቀድሞ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይህን ክፍል በአማርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አሳትሞ በየሚዛኑ አጠገብ ቢያስለጥፍ፣ የሽልማቱንም መጠን ቢያንስ ከኪሎው ዋጋ የማያንስ አድርጎ ቢያስታውቅ፣ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው። የሚያስረክበው ሰው እንደ ተከሳሽ ሳይሆን እንደ አግኚ መያዙም ከገንዘቡ ያላነሰ ዋጋ አለው።

አንቀጹ ሕንፃና መንገድን በስም የሚጠራ ስለሆነ የማኅበሩ አባላት ከነጋዴው በፊት የሚመለከታቸው ናቸው። ቁፋሮ የሚመራ መሐንዲስ ከኦፕሬተሩ ጋር ስለ ጥልቀትና ስለ አፈር ዓይነት ይነጋገራል፤ ባልዲው ብረት ሲያነሣ ምን መደረግ እንዳለበት ግን የሚነገረው ጥቂቱ ነው። በብዙ የሥራ ውሎች ውስጥ ስለ ቅርስ የሚናገር አንቀጽ ቢኖርም በሥራው ሥፍራ የሚያነበው ሰው የለም። የቀን ሠራተኛው ያገኘውን ብረት ለቆራሌው የሚሸጠው ለዚህ ነው። በሥራው ሥፍራ ቢሮ ውስጥ ክዳን ያለው አንድ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ጥቂት ደረቅ ሲሊካ ጄል፣ ለፎቶግራፍ መለኪያ የሚሆን ማስመሪያና አንድ የመዝገብ ደብተር ይበቃል። ዕቃው አፈሩ ሳይራገፍለት፣ ሳይታጠብና ሳይፋቅ በሣጥኑ ይገባል። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ ከሁለት ቋሚ ነጥቦች የተለካ ርቀቱና ያገኘው ሠራተኛ ስም ይጻፋል። የሠራተኛው ስም መጻፉ ለሽልማቱም ያገለግላል።